ለትከሻ ስብራት ኦፕራሲዮን ሙሉ ሰመመን ወይስ ነርቭ ብሎክ?

የትከሻ ስብራት በኦፕራሲዮን ሲጠገን ሕመሙን የሚያስቀሩ ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው ሙሉ ሰመመን ነው፤ ታካሚው ጭልጥ ብሎ ይተኛል፣ ትንፋሹም በቱቦና በማሽን ይያዛል። ሁለተኛው ነርቭ ብሎክ ነው፤ ከአንገት ወደ ክንድ በሚወርዱት ነርቮች ዙሪያ ማደንዘዣ ይወጋና ትከሻው ብቻ ይደነዝዛል። በኮልፌ ቀራኒዮ፣ ዘነበወርቅ ያለው አለርት ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1965 ለሥጋ ደዌ ሕክምናና ሥልጠና የተቋቋመ ሲሆን ዛሬ የአደጋ ሕክምናም ይሰጥበታል። የተቋሙ የቆየ ሥራ፣ ሥጋ ደዌና ሳንባ ነቀርሳ፣ ከዚህ ምርጫ ጋር የሚገናኝበት መንገድ አለው። ነገሩ ከዚህ በታች በአንድ ነባር ሰመመን ሰጪና በአንዲት የመጨረሻ ዓመት የአንስቴዥያ ተማሪ ጥያቄና መልስ ቀርቧል።

ተማሪ፦ መምህር፣ ትከሻው የተሰበረ ሁሉ ኦፕራሲዮን ያስፈልገዋል?

መምህር፦ አያስፈልገውም። አብዛኛው ክንዱ በማንጠልጠያ ታስሮ፣ ሕመሙ በመድኃኒት ተይዞ፣ በኋላም በፊዚዮቴራፒ እየታገዘ ይድናል። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመውና 250 ታካሚዎች የተሳተፉበት ፕሮፈር የተባለው የእንግሊዝ ጥናት፣ ከቦታው የተንሸራተተ የላይኛው ክንድ አጥንት ስብራት ያለባቸውን ሰዎች ለሁለት ዓመት ተከታትሎ በኦፕራሲዮን የታከሙት ካልታከሙት የጎላ ብልጫ እንዳላሳዩ አረጋግጧል። ስለዚህ የትኛው ሰመመን ይሻላል ከማለት በፊት ኦፕራሲዮኑ ራሱ ያስፈልጋል ወይ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ተማሪ፦ እንግዲያውስ ኦፕራሲዮን ክፍል የሚደርሰው የትኛው ነው?

መምህር፦ የአጥንቱ ራስ ብዙ ቦታ የተሰነጠቀበት፣ ስብራቱ ከውልቃት ጋር የመጣበት፣ ቆዳው ተቀዶ አጥንቱ የታየበት፣ የደም ሥር የተጎዳበት። በእኛ አገር ደግሞ ሌላ ዓይነት አለ፤ መጀመሪያ ወጌሻ ዘንድ ሄዶ፣ ታሽቶና ተጠፍሮ ከሳምንታት በኋላ ሆስፒታል የሚመጣው። አጥንቱ ተጣምሞ መግጠም ስለጀመረ ሐኪሙ እንደገና መለየትና ማቃናት ይኖርበታል፤ ሥራው ይረዝማል፣ የሚፈሰው ደምም ይበዛል። በአንድ ሰዓት የሚያልቅ ሥራና አራት ሰዓት የሚፈጅ ሥራ በሰመመን ሰጪ ዓይን አንድ አይደሉም።

ተማሪ፦ ብሎኩ ትከሻን የሚያደነዝዘው በምን መንገድ ነው?

መምህር፦ የክንድና የትከሻ ነርቮች ከአንገት አከርካሪ መካከል ይወጣሉ። ከአምስተኛው የአንገት ነርቭ እስከ መጀመሪያው የደረት ነርቭ ያሉት አምስት ሥሮች ተጋጥመው ብራኪያል ፕሌክሰስ የሚባለውን መረብ ይሠራሉ። ለትከሻ ዋናዎቹ አምስተኛውና ስድስተኛው ናቸው። ሥሮቹ በአንገት ጎን ስኬሊን በሚባሉ ሁለት ጡንቻዎች መካከል ያልፋሉ፤ ማደንዘዣው እዚያ ሲሰጥ ብሎኩ ኢንተርስኬሊን ይባላል። መረቡን በመርፌ ማደንዘዝ የቆየ ነገር ነው። ጀርመናዊው ኩሌንካምፍ እ.ኤ.አ. በ1911 ከአንገት አጥንት በላይ የሚወጋበትን መንገድ በገዛ ገላው ላይ ሞክሮታል። የኢንተርስኬሊኑን መንገድ ደግሞ አሜሪካዊው አሎን ዊኒ እ.ኤ.አ. በ1970 አሳተመ፤ ለትከሻ ኦፕራሲዮን እስከ ዛሬ ዋናው ብሎክ ይኸው ነው።

ተማሪ፦ በአልትራሳውንድ ሲሠራ ምን ይታያል?

መምህር፦ መዳሰሻው መጀመሪያ ከአንገት አጥንት በላይ ባለው ጎድጓዳ ቦታ ይቀመጣል። በስክሪኑ ላይ የሚመታ ክብ ጥቁር ነገር ይታያል፤ እሱ ወደ ክንድ የሚሄደው ትልቁ የደም ሥር ነው። ከሱ ወደ ውጪ በኩል ነርቮቹ እንደ ወይን ዘለላ ተሰብስበው ይገኛሉ። ዘለላውን ከዓይን ሳይለቁ መዳሰሻውን ቀስ ብሎ ወደ አንገት ሽቅብ ማንሸራተት ነው። ነርቮቹ እየተለያዩ ሄደው በሁለቱ ጡንቻዎች መካከል አንዱ ከአንዱ በላይ የተደረደሩ ሦስት ጥቁር ክቦች ይሆናሉ። መርፌው ከጎን ይገባል፤ ጫፉ ካልታየ ወደፊት አይገፋም። ጫፉ ክቦቹ አጠገብ ሲደርስ ሲሪንጁ ወደኋላ ይሳባል፤ ደም ካልመጣ አንድ ሁለት ሚሊሊትር ተሰጥቶ ፈሳሹ የት እንደፈሰሰ ይታያል። ታካሚው ወደ ክንዱ የሚወረወር ሕመም ከተሰማው ወይም ሲሪንጁ አልገፋ ካለ ማቆም ግድ ነው፤ መርፌው ነርቩ ውስጥ ገብቶ ሊሆን ይችላል።

ተማሪ፦ መሥራቱ በምን ይታወቃል?

መምህር፦ ታካሚው ክንዱን ከትከሻው ማንሳት ሲያቅተው። ቡፒቫኬይን ከተሰጠ ይህ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ይፈጃል። ጣቶቹ ግን ሊንቀሳቀሱ ይችላሉ፤ ወደ እጅ የሚወርዱት የታችኞቹ ሥሮች በዚህ ብሎክ ብዙ ጊዜ አይነኩም። ጣቱ ተንቀሳቀሰ ተብሎ ብሎኩ ከሸፈ አይባልም። የባሰው ስህተት ደግሞ ሐኪሙ ቸኩሏል ተብሎ ሳይደነዝዝ ቢላ ማስነካት ነው።

ተማሪ፦ ቁስሉን በሙሉ ይሸፍናል?

መምህር፦ እንደ ስብራቱ ቦታ ይለያያል። ለላይኛው ክንድ አጥንት ራስ ይሆናል፤ ቅዱ ወደ ብብት ከወረደ ግን ያ ቆዳ ከደረት በሚመጣ ነርቭ ስለሚያዝ ሐኪሙ በቦታው ላይ ጥቂት ማደንዘዣ ይጨምርበታል። የአንገት አጥንት ሲሰበር በላዩ ያለው ቆዳ በሦስተኛውና በአራተኛው የአንገት ነርቮች የሚያዝ ስለሆነ ተጨማሪ የአንገት ብሎክ ይፈልጋል። ከኋላ ላለው ጠፍጣፋ የትከሻ አጥንት ብሎክ ብቻውን አይበቃም፤ ታካሚው በጎኑ ወይም በሆዱ ስለሚተኛም ሙሉ ሰመመን ይመረጣል።

ተማሪ፦ በብሎኩ ላይ በጣም የሚያሰጋው ምንድን ነው?

መምህር፦ ትንፋሽ። ደረትንና ሆድን የሚለየው የትንፋሽ ጡንቻ፣ ድያፍራም፣ የሚታዘዘው በፍሬኒክ ነርቭ ነው። ይህ ነርቭ ከሦስተኛው እስከ አምስተኛው የአንገት ነርቮች ይነሣና ብሎኩ ከሚሰጥበት ቦታ አጠገብ ያልፋል። በቆየው ልማድ 20 ሚሊሊትርና ከዚያ በላይ ሲሰጥ የዚያ ጎን ድያፍራም በሁሉም ታካሚ ላይ ለጊዜው ሽባ ይሆናል ቢባል ማጋነን አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ጥናት 20 ሚሊሊትር ከተሰጣቸው ታካሚዎች ሁሉም፣ በአልትራሳውንድ 5 ሚሊሊትር ብቻ ከተሰጣቸው ደግሞ 45 በመቶዎቹ ድያፍራማቸው እንደደከመ አሳይቷል። ሕመም ማስታገሱ ግን አልቀነሰም። በአገራችን ይህ ትምህርት ከየትኛውም አገር በላይ መያዝ ያለበት ይመስለኛል።

ተማሪ፦ ከየትኛውም አገር በላይ ለምን?

መምህር፦ ከፍታውን አስቢው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየር ግፊቱ በባሕር ዳርቻ ካለው ሩብ ያህል ያንሳል። ወደ ውስጥ የሚሳበው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። ጤነኛ ነዋሪ በጣቱ ላይ በሚደረገው መለኪያ 93 ወይም 94 በመቶ ቢያነብ አያስደንቅም። ማለትም ተጠባባቂው ኦክስጅን ከመነሻው ቀንሶ ይገኛል። በዚህ ላይ ግማሽ ድያፍራም ሽባ ሲሆን የሳንባ አቅም ሩብ ያህል ይወርዳል። ጎረምሳው ምናልባት አይታወቀውም፤ ወፍራም ሰው፣ አስም ያለበት፣ በጭስ ኩሽና ዕድሜዋን የፈጀች እናት ግን ታፍና ልትጨነቅ ትችላለች።

ተማሪ፦ የሳንባ ነቀርሳ የነበረበትስ?

መምህር፦ ወደዚያ ልመጣ ነበር። አለርት በሙሉ ስሙ የመላው አፍሪካ የሥጋ ደዌ፣ የሳንባ ነቀርሳና የተሃድሶ ማሠልጠኛ ማዕከል ነው፤ በሩን የሚረግጠው ታካሚ ታሪክ ምን ሊሆን እንደሚችል ስሙ ራሱ ይናገራል። ከዓመታት በፊት ቲቢ ታሞ የዳነ ሰው አንዱ ሳንባው ጠባሳ ሆኖ ሥራ አቁሞ ሊሆን ይችላል። የግራ ሳንባው የተበላሸ ሰው የቀኝ ትከሻው ተሰብሮ ቢመጣና በቀኝ አንገቱ ኢንተርስኬሊን ብሎክ ቢሰጠው፣ ሽባ የሚሆነው ብቸኛው ጤነኛ ጎኑ ነው። ለዚህ ሰው ብሎኩ ክልክል ነው ማለት ይቻላል። የደረት ራጅ ሳይታይና በጆሮ ሳይደመጥ መርፌ መያዝ በሰው ሕይወት መወራረድ ነው።

ተማሪ፦ ትንፋሹን ሳይነካ ትከሻውን ማደንዘዝ አይቻልም?

መምህር፦ ይቻላል። ከአንገት ራቅ ብሎ ሱፕራስካፑላርና አክሲለሪ የተባሉትን ሁለት የትከሻ ነርቮች ለየብቻ ማደንዘዝ አንዱ መንገድ ነው፤ ድያፍራሙን አይነካም፣ ሕመምንም በደንብ ያስታግሳል። ለኦፕራሲዮኑ ብቻውን ስለማይበቃ ከሙሉ ሰመመን ጋር ይሰጣል። ሌላው አምስተኛውና ስድስተኛው ሥር ከተገናኙ በኋላ ዝቅ ብሎ በትንሽ መጠን መስጠት ነው። ሁለቱም ከኢንተርስኬሊን ይልቅ ልምምድ ይጠይቃሉ።

ተማሪ፦ ሌሎቹ ጉዳቶችስ?

መምህር፦ ድምፅ መጎርነን፣ የአንድ ዓይን ቆብ መውረድና ብሌኑ መጥበብ ያጋጥማሉ፤ በሰዓታት ውስጥ ይለቃሉ። ታካሚው አስቀድሞ ካልተነገረው ግን ስትሮክ የያዘው ይመስለዋል፤ ቤተሰቡም ይደነግጣል። ከባዱ መድኃኒቱ ደም ውስጥ ሲገባ ነው። ምላስ ይደነዝዛል፣ ጆሮ ይጮኻል፣ ከዚያ መንቀጥቀጥ ይመጣል፣ በመጨረሻም ልብ ይቆማል። ለዚህ ነው መጠን የሚሰላው። ቡፒቫኬይን በኪሎ ከ2 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ከተባለ፣ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 120 ሚሊግራም ይሆናል፤ ግማሽ በመቶ የሆነው ፈሳሽ ሲሆን 24 ሚሊሊትር መሆኑ ነው። መመረዝ ሲያጋጥም የሚሰጠው 20 በመቶ የሆነ የቅባት ፈሳሽ በኪሎ 1.5 ሚሊሊትር ነው። ብሎክ በሚሠራበት ክፍል ይህ ፈሳሽ በመደርደሪያ ላይ መኖር አለበት፤ ፋርማሲ ተልኮ እስኪመጣ የሚታገስ ልብ የለም። ለወገብ ማደንዘዣ የሚመጣው ስኳር ያለበት ቡፒቫኬይንም ለዚህ ሥራ የተዘጋጀ አይደለምና የብልቃጡ ጽሑፍ ይነበብ።

ተማሪ፦ እስካሁን ያሉት ሙሉ ሰመመንን የሚያስመርጥ ይመስላል።

መምህር፦ እሱም የራሱ ጣጣ አለው። ጥንካሬው ግን ግልጽ ነው፤ ሥራው ቢረዝም፣ ሐኪሙ መዶሻና መሰርሰሪያ ቢጠቀም ታካሚው አይሰማም፣ አይነቃነቅም። በትከሻ ኦፕራሲዮን ሐኪሙ የሚቆመው ልክ ጭንቅላቱ አጠገብ ነው፤ ፊቱ በጨርቅ ይሸፈናል። በብሎክ ብቻ የተኛ ሰው መሐል ላይ ቢጨነቅ ወይም ትንፋሽ ቢያጥረው ሰመመን ሰጪው ወደ አፉ በቀላሉ አይደርስም። ቱቦው መጀመሪያውኑ ገብቶ በደንብ ከታሰረ ይህ ስጋት የለም።

ተማሪ፦ ጣጣውስ?

መምህር፦ አንደኛው ሆድ ነው። ጠጣር ምግብ ከበሉ 6 ሰዓት፣ ውሃ ከጠጡ 2 ሰዓት መቆየት የታወቀ ነው። አደጋ ሲደርስ ግን ጨጓራ ሥራውን ያዘገያል፤ ማታ ሽሮ በልቶ ወዲያው በሞተር ሳይክል የወደቀ ሰው ጠዋትም ሆዱ ሙሉ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የሚቆጠረው ከበላበት ሰዓት እስከ አደጋው ያለው ጊዜም ነው። ሰዎች በብሎክ ስለሆነ ብበላም ግድ የለም ይላሉ፤ ብሎኩ ከከሸፈ ወደ ሙሉ ሰመመን ይዞራልና ሕጉ ለሁለቱም አንድ ነው። ሌላው የደም ግፊት ነው። ብዙ የትከሻ ኦፕራሲዮን ታካሚው ቁጭ እንደማለት ተደርጎ ይሠራል። የደም ግፊት የሚለካው በጤነኛው ክንድ ነው፤ አንጎል ግን ከዚያ በላይ ነው ያለው። ከክንዱ እስከ ጆሮው 20 ሴንቲሜትር ከሆነ አንጎል የሚደርሰው ግፊት በ15 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ገደማ ያንሳል። በክንድ አማካዩ 60 ቢነበብ ጥሩ ይመስላል፣ ላይ ግን 45 ነው። የቆየ የደም ግፊት ሕመም ላለባቸው አረጋውያን ይህ ለስትሮክ የሚዳርግ ነገር ነው። በብሎክ ነቅተው የተቀመጡም አንዳንዴ ልባቸው በድንገት ቀስ ብሎ ግፊታቸው ዝቅ ይላል፤ ያኔ ፈጥኖ ማስተኛትና መድኃኒት መስጠት ያስፈልጋል።

ተማሪ፦ ስብራቱ ራሱ ነርቭ ጎድቶ ከሆነስ? ብሎኩ ይደብቀዋል ይላሉ።

መምህር፦ ትክክል ነው፤ በዚህ ላይ ሰመመን ሰጪና የአጥንት ሐኪም መነጋገር አለባቸው። ትከሻ ሲሰበር ወይም ሲወልቅ በብዛት የሚጎዳው አክሲለሪ ነርቭ ነው። ፍተሻው ቀላል ነው። በትከሻው ውጫዊ ጎን ላይ ጥጥ እየነኩ ከሌላኛው ጎን ጋር እኩል ይሰማው እንደሆነ ይጠየቃል፤ የትከሻው ጡንቻ ሲኮማተርም በጣት ይዳሰሳል። የእጅ አንጓውን ቀና ማድረግ ይችል እንደሆነም ይታያል። ውጤቱ ከሰዓቱ ጋር ካርዱ ላይ ይጻፋል። ይህ ሳይጻፍ ብሎክ ከተሰጠና በማግስቱ ክንዱ ካልተነሣ፣ ጥፋቱ የአደጋው ይሁን፣ የቢላው ይሁን፣ የመርፌው ይሁን ማንም ሊናገር አይችልም። ሥጋ ደዌ የነበረበት ሰው ደግሞ ነርቮቹ ቀድሞውኑ ተጎድተው ሊሆን ይችላል፤ የሥጋ ደዌ ተሕዋስ ነርቭን ነውና የሚያጠቃው። እሱ ላይ ፍተሻው እጥፍ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

ተማሪ፦ ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ያለው ሌሊትስ?

መምህር፦ ብሎክ የሚያሸንፈው እዚያ ነው። ትከሻ ሲጠገን የሚያመው ሕመም ከአጥንት ሕመሞች ሁሉ ከከባዶቹ ይመደባል። በሙሉ ሰመመን ብቻ የታከመ ሰው ሲነቃ ሕመሙ አብሮት ይነቃል፤ በዲክሎፌናክና በትራማዶል ብቻ ዝም የሚያሰኙት አይደለም። ሞርፊን ሲጨመር ማቅለሽለሽና የትንፋሽ መድከም ይከተላል፤ ያንን ሌሊቱን ሙሉ የሚከታተል ነርስ ደግሞ በአንድ ዋርድ ብዙ ታካሚ ይዛለች። በቡፒቫኬይን የተሠራ ብሎክ ከ12 ሰዓት በላይ ሊያቆይ ይችላል። ታካሚው ይበላል፣ ይተኛል፣ አስታማሚውም ያርፋል። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ፤ ብሎኩ ሲለቅ፣ ብዙ ጊዜ እኩለ ሌሊት ላይ፣ ሕመሙ በአንድ ጊዜ ይመጣል። ስለዚህ የሚዋጠው መድኃኒት ትከሻው ገና ደንዝዞ ሳለ መጀመር አለበት። አላመመኝም ብሎ ክኒኑን የመለሰ ሰው ሌሊት ይጮኻል።

ተማሪ፦ ጥናቶቹ ከሁለቱ የቱን አስበልጠዋል?

መምህር፦ ከኦፕራሲዮን በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሰዓታት ሕመምን በማስታገስ፣ የሞርፊንን ፍላጎት በመቀነስ ብሎክ እንደሚበልጥ አያከራክርም። ከዚያ ወዲያ ባለው፣ በሞትም ሆነ በክንዱ የኋላ ጥንካሬ፣ አንዱ ሌላውን እንደበለጠ የተረጋገጠ ነገር የለም። ለዳሌ ስብራት እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመው ሪጌን የተባለው ጥናት በአሜሪካና በካናዳ 1,600 ሰዎችን አወዳድሮ፣ የወገብ ማደንዘዣና ሙሉ ሰመመን በ60 ቀን ውስጥ በሞትና መራመድ ባለመቻል እኩል እንደሆኑ አግኝቷል። ዳሌ ትከሻ አይደለም፤ ግን ብሎክ ሕይወት ያተርፋል እያሉ መስበክን ያርማል።

ተማሪ፦ እርስዎ ቢጠየቁ የቱን ይመርጣሉ?

መምህር፦ ሁለቱን አንድ ላይ። ሳንባው ጤነኛ ለሆነ ታካሚ፣ ነቅቶ ሳለ በአልትራሳውንድ ትንሽ መጠን ያለው ብሎክ፣ ከዚያ ቀለል ያለ ሙሉ ሰመመን በቱቦ። የሰመመኑ መድኃኒት ይቀንሳል፣ ግፊቱም ይረጋጋል፣ ሌሊቱም ይቀላል። ሳንባው የተጎዳ ከሆነ ሙሉ ሰመመን ከሱፕራስካፑላር ብሎክ ጋር፤ እሱን የሚሠራ ከሌለ ሐኪሙ ቁስሉ ላይ የሚወጋው ማደንዘዣ። ብሎክ ብቻውን የምመርጠው ቱቦ ማስገባት አስቸጋሪ ለሆነበት፣ ልቡ ለደከመ፣ ሥራው አጭር ለሆነና ራሱም ነቅቶ ለመቆየት ለፈቀደ ሰው ነው። ታካሚው እንቢ ካለ ግን ክርክር የለም።

ተማሪ፦ አልትራሳውንድ በሌለበት ሆስፒታልስ?

መምህር፦ በኢትዮጵያ አብዛኛውን ሰመመን የሚሰጡት በዲግሪና በማስተርስ የሠለጠኑ የአንስቴዥያ ባለሙያዎች ናቸው፤ ብዙዎቹም የአልትራሳውንድ ማሽኑ ከማዋለጃው ክፍል ጋር በጋራ በሚያዝበት ቦታ ይሠራሉ። አልትራሳውንድ በሌለበት በጣት ዳሰሳ ወይም በነርቭ ማነቃቂያ መሣሪያ መሥራት ይቻላል፤ መጠኑ ግን ስለሚበዛ የድያፍራሙ ነገር ይከተላል። እዚያ ሙሉ ሰመመን በሰላም መስጠት የሚችል ሰው ያለ ዝግጅት ብሎክ ባይሞክር ይሻላል። መብራት ሊጠፋ ይችላል፣ ብሎክ ማሽን አይፈልግም የሚለውም ምክንያት አይሆንም፤ ኦክስጅን፣ የመተንፈሻ ከረጢት፣ ቱቦና መምጠጫ ሳይዘጋጁ የሚሰጥ ብሎክ የለም።

ተማሪ፦ ታካሚውና ቤተሰቡ ምን ቢናገሩ ይረዳል?

መምህር፦ ድሮ ቲቢ ታመው ከነበረ፣ ደረጃ ሲወጡ ትንፋሽ የሚያጥራቸው ከሆነ፣ ክንዳቸው ወይም ጣታቸው ከአደጋው ጀምሮ ደንዝዞ ከሆነ፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ፣ ለመጨረሻ ጊዜ የበሉበትን ሰዓት፣ ወጌሻ ዘንድ ቆይተው ከሆነ ምን እንደተደረገላቸው። ይህን ሁሉ ሳይጠየቁም፣ ፈረሙ የተባሉት ቅጽ ላይ ከመፈረማቸው በፊት ለሰመመን ሰጪው ይንገሩት።